የዩስቲና ሃርደር ማኅፀን

እኅቴ ዩስቲና ስድስት ዓመት ሙሉ ሕመሟን ደብቃ ኖራለች። እኔ ያወቅሁት በነሐሴ ወር 2003 ላይ፣ ጓሮዋ ባለችው የበጋ ማድቤት ለክረምት የሚሆን ኪያር በሆምጣጤ ስንዘፈዝፍ ነው። የሞላ እንስራ ከመሬት ላነሳ ብላ ጎንበስ አለችና ቀና ሳትል ቀረች። ፊቷ እንደ ሊጥ ነጣ። ቀስ ብላ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«ምን ሆንሽ?»

«ወረደ» አለች።

«ምኑ?»

«ሁሉም።»

እናታችን ከወገብ በታች ላለው ነገር ሁሉ አንድ ቃል ብቻ ነበር ያስተማረችን፤ «እዚያ ታች»። ዩስቲና ያንኑ ቃል እየደጋገመች፣ ዓይኗን ከኪያሩ ሳታነሳ ነገረችኝ። ማኅፀኗ ቦታውን ለቆ ወርዷል። ጠዋት ደህና ነው፤ ከሰዓት በኋላ ስትቆም፣ ስትሸከም፣ ስታስል ደጅ ድረስ ይመጣል። በእጇ መልሳ ታስገባዋለች። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከበሩ አጠገብ የምትቀመጠው ሙቀት ስለሚያማት ነው እያለች ነበር፤ ለካ መዝሙር ሲረዝም ሹልክ ብላ ለመውጣት ነው።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከአብራም ሠርግ ጀምሮ።»

«የልጅሽ የአብራም? እሱ እኮ አሁን የሦስት ልጆች አባት ነው!»

«ታዲያ ምን ላድርግ? እሑድ ከስብከት በኋላ ላስነግረው?»

«ኢዛክስ ያውቃል?»

«ሌላ ክፍል ነው የሚተኛው። ማንኮራፋትህ ሰለቸኝ ብዬዋለሁ።»

ኢዛክ ሃርደር፣ ባሏ፣ አሳማዎቹን ሲጠራ ካልሆነ ድምፁን የማትሰሙት ሰው ነበር። አያንኮራፋም።

እኔ ከእሷ በዘጠኝ ዓመት አንሳለሁ፤ በዚህ ጉዳይ ግን ታላቋ እኔ ነበርኩ። ከሦስት ዓመት በፊት በእጢ ምክንያት ደሜ እንደ ቧንቧ ሲፈስ ከርሞ፣ የአካባቢያችን ሐኪም ሆዴን ከእምብርቴ እስከ ታች ቀዶ ማኅፀኔን አውጥቶልኛል። ስምንት ሳምንት የውሃ ባልዲ እንኳ አላነሳሁም፤ ጠባሳው እስከ ዛሬ ዝናብ ሊመጣ ሲል ይበላኛል። ግን አንድም ቀን አልናፈቀኝም። አራት ልጆቼን ወልጃለሁ፤ የተቀደደ ጃንጥላ እንደመጣል ነው የቆጠርኩት።

«አስወጪው» አልኳት እዚያው ወለሉ ላይ። «አስወጪውና ተገላገዪ።»

ዝም አለች። ያን ዝምታ ፍርሃት ነው ብዬ ተረጎምኩት።

መስከረም ላይ ወደ ትልቁ ከተማ፣ ወደ ዊኒፔግ ወሰድኳት። የመንደራችን ሴቶች ከተማ ለሐኪም ሲሄዱ ሁሌም ከዘመድ ጋር ነው፤ የዩስቲና እንግሊዝኛ ደግሞ ለገበያ ይበቃል እንጂ ሐኪም ፊት የሚያቆም አልነበረም። ስለዚህ እኔ አስተርጓሚዋ ሆንኩ። ሐኪሟ ዶክተር ቦይቹክ ትባላለች፤ ሃምሳን የተሻገረች፣ እጆቿ እንደ ገበሬ እጅ የሰፉ ሴት። ዩስቲናን መርምራ ከጨረሰች በኋላ ወረቀት ላይ ሥዕል ሣለችላት። ማኅፀን እንደ ተገለበጠ አቮካዶ ሆኖ፣ የያዙት ጅማቶች ደግሞ እንደ ላላ ገመድ።

«ስምንት ጊዜ አርግዘዋል» አለች ዶክተሯ ፋይሉን እያየች። «ሰባት ልጆች አሉ።»

«ሰባት» አልኩ እኔ ቶሎ። ከቁጥሩ የጎደለችው፣ በ1979 ሞታ የተወለደችው ልጅ፣ በቤተሰባችን ውስጥ አትነሣም ነበር። የዚያን ጊዜ እኔ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ዩስቲና ሆስፒታል ገብታ ባዶ እጇን ስትመለስ፣ እናታችን «አታስታውሷት፤ ትረሳዋለች» ብላ አፋችንን ዘጋችን።

ዶክተሯ አልቸኮለችም። ይህ የሚገድል በሽታ እንዳልሆነ፣ ብዙ ሴቶች ላይ እንደሚደርስ፣ ማንም በግድ ቢላ እንዲነካት እንደማያደርግ ነገረቻት። መጀመሪያ ላስቲክ ቀለበት መሞከር ይቻላል፤ ውስጥ ገብቶ ማኅፀኑን ከሥሩ ደግፎ የሚይዝ። ጡንቻዎቹን የሚያጠነክር እንቅስቃሴም አለ፤ ይህን ያህል ለወረደ ማኅፀን ብቻውን ባይበቃም ይረዳል። ቀዶ ሕክምናው ኋላ ሊታሰብበት ይችላል።

«ቀለበቱን» አለች ዩስቲና፣ እኔ ተርጉሜ ሳልጨርስ።

ነርሷ በሦስተኛው ልክ አገኘችላት። የመጀመሪያው ጠበበ፣ ሁለተኛው ስታስል አመለጠ፤ ሦስተኛው ቆመ። ዩስቲና በክሊኒኩ ኮሪደር ወዲያና ወዲህ ተመላለሰች። ደረጃ ወጣች፤ ወረደች። ከዚያ ቆማ ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች። እኔ አሟት መስሎኝ ሮጥኩ።

«ምንም የለም» አለችኝ። «ምንም አይሰማኝም። እንዲህ መሆኑን ረስቼው ነበር።»

በመኪና ስንመለስ፣ የድንች ማሳዎቹን ካለፍን በኋላ፣ ድንገት ሣቀች። በእኛ ቤተ ክርስቲያን የጋብቻ ቀለበት አይደረግም፤ ጌጥ ነውር ነው። «ኢዛክ በሃያ አንድ ዓመቴ ያላደረገልኝን ቀለበት በሃምሳ ዓመቴ አደረግሁ» አለች። «የት እንዳደረግሁት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎቹ እንዳይሰሙ።»

ሦስት ዓመት እንዲያ ኖረች። በየሳምንቱ አውጥታ ታጥበዋለች፣ መልሳ ታስገባዋለች። አትክልቷን ትቆፍራለች፤ የልጅ ልጆቿን ታዝላለች። ወደ ኢዛክ ክፍልም ተመለሰች፤ ማንኮራፋቱን እንደተወ ነገረችኝ፤ እኔም ያመንኩ መሰልኩ።

በ2006 የበጋው መጨረሻ ላይ ደም አየች። የወር አበባዋ ከቆመ ሁለት ዓመት አልፎታል። ይኼንን ለመደበቅ አልሞከረችም፤ በዚያው ጠዋት ደወለችልኝ። ዶክተር ቦይቹክ ከማኅፀኗ ውስጥ ናሙና ወሰደችና ውጤቱ እስኪመጣ አሥራ አንድ ቀን ጠበቅን። በእነዚያ አሥራ አንድ ቀናት ዩስቲና የቤቷን መጋረጃዎች ሁሉ አጠበች፤ የታጠቡትንም ደግማ አጠበች። ካንሰር አልነበረም። ቀለበቱ የውስጥ ግድግዳዋን ፈግፍጎ አቁስሎት ነው። ቁስሉ እስኪድን መውጣት ነበረበት፤ ሲወጣም ማኅፀኑ ከበፊቱ ብሶ ወረደ። መቀመጥ እንኳ ያማት ጀመር።

«አሁን ስለ ቀዶ ሕክምና እንነጋገር» አለች ዶክተሯ። የመጀመሪያው መንገድ ማኅፀኑን ከታች በኩል ማውጣት ነው። ሆድ አይቀደድም፤ ጠባሳ አይታይም፤ በማግስቱ ወይም በሁለተኛው ቀን ቤት ይገባል። ወይም ደግሞ ሆድ ላይ በጣት ጫፍ ልክ ትናንሽ ቀዳዳዎች ከፍቶ በካሜራ እያዩ መሥራት አለ። የእኔን የመሰለው ትልቁ ቅድ ለእሷ ዓይነት ነገር አያስፈልግም።

ይኼን ስሰማ እጄ ሳላስበው ወደ ጠባሳዬ ሄደ። እኔን ማንም ምርጫ አልጠየቀኝም ነበር። ምናልባት የእኔ እጢ በሌላ መንገድ አይወጣም ነበር ይሆናል፤ አላውቅም፤ አልጠየቅሁም።

ወደ ዩስቲና ዞርኩና በቤታችን ቋንቋ ተረጎምኩላት። ቀጥዬም «እንግዲህ ይውጣ፤ እንደ እኔ እንኳ አትሠቃዪም» አልኳት።

እሷ አንገቷን ደፍታ አንድ ነገር አጉረመረመች።

«እሺ ትላለች» አልኩ በእንግሊዝኛ።

ዶክተሯ ብዕሯን አስቀመጠች። «እሳቸው ናቸው እሺ ያሉት ወይስ እርስዎ?»

አፈርኩ። ዩስቲና ያለችው «ሌላ የለም ወይ?» ነበር። እንደዚያው ተረጎምኩት።

«ለምንድን ነው እንዲወጣ የማይፈልጉት?» ስትል ዶክተሯ ጠየቀቻት፤ እንደ ጓደኛ ነው የጠየቀቻት። «የማይፈልጉ ከሆነ ምክንያት ማቅረብ የለብዎትም። ግን ባውቅ ይረዳኛል።»

ዩስቲና እኔን ሳይሆን ዶክተሯን እያየች፣ በቤታችን ቋንቋ ተናገረች። እኔ እየተከተልኩ ተረጎምኩ።

«ሦስተኛዋ ልጄ ሞታ ነው የተወለደችው። አደንዝዘውኝ ስለነበር አላየኋትም። ስነቃ ‹ሁሉም ተስተካክሏል› አሉኝ። የት እንዳደረጓት አንድ ጊዜ ጠየቅሁ፤ ሆስፒታሉ ተንከባክቧታል አሉ። መቃብር የላት፣ ስም የላት። ቤቴ አልገባችም፤ አልጋ ላይ አልተኛች፤ ማንም አላቀፋት። በዚህ ምድር ላይ የነበረችበት ቦታ አንድ ብቻ ነው።» እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። «እሱንም ቆሻሻ ውስጥ ልትጥሉት ነው።»

ሃያ ሰባት ዓመት። ከእኔ ቤት እስከ እሷ ቤት አሥራ አራት አጥር ነው ያለው፤ በየቀኑ እየተያየን፣ አንድም ቀን አልጠየቅኋትም።

ዶክተር ቦይቹክ ወንበሯን አቀረበች። «ሌላ አለ» አለች። «ማኅፀኑን ሳናወጣ ወደ ቦታው መልሰን፣ ወገብ ውስጥ ካለ ጠንካራ ጅማት ጋር በስፌት ማሰር እንችላለን። እሱም ከታች በኩል ነው የሚሠራው። ግን ልዋሽዎት አልፈልግም። እንደገና ሊወርድ ይችላል፤ ያኔ ሌላ ቀዶ ሕክምና ያስፈልግ ይሆናል። ማኅፀኑ እስካለ ድረስ ደግሞ ደም ባዩ ቁጥር በዚያው ሳምንት እዚህ መምጣት አለብዎት። ‹ያልፋል› የሚባል ነገር የለም።»

«እመጣለሁ» አለች ዩስቲና። ይኼንን በእንግሊዝኛ ራሷ ነው ያለችው።

ቀኑ ከአምስት ሳምንት በኋላ ተያዘ።

የቀጠለው ጥፋት ይሁን ደግነት፣ የእኔ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዩስቲና ዱባ ልትለቅም ወጥታ፣ እኔና ኢዛክ ማድቤት ብቻችንን ቀረን። ዳቦ በቋሊማ እየበላ፣ «ሐኪሟ ማውጣት ይሻላል ካለች ለምን አይወጣም?» አለኝ። ደሜ ፈላ።

«ለምን እንደሆነ ታውቃለህ?» አልኩት። «ያቺ ልጅ የት እንደተጣለች ስለማታውቅ ነው። ሌላ የነበረችበት ቦታ ስለሌለ ነው። አንተ ሃያ ሰባት ዓመት አጠገቧ ስትተኛ አንድ ቃል አልተነፈስክም!»

ኢዛክ ቢላውን አስቀመጠ። ተነሥቶ ወጣ፤ በመስኮት ሳይ ወደ አሳማዎቹ ቤት ሳይሆን ወደ ዱባው ነበር የሄደው። ባርኔጣውን አውልቆ ዩስቲና ፊት ቆመ። ምን እንዳላት አልሰማሁም። ጥቂት ቆይቶ ተመልሶ መጣና «አንቺም ነይ፤ ብቻዬን አልችልም» አለኝ።

ሦስታችን በእግራችን በመንደሩ መንገድ እስከ መቃብር ቦታው ሄድን። በእኛ መንደር ሰው የሚቀበረው በሞተበት ተራ ነው፤ ባል ከሚስት ጎን አይባልም፤ ረድፉ እየሞላ ይሄዳል። ኢዛክ ረድፎቹን ሁሉ አልፎ በሰሜን በኩል ወዳለው የቁጥቋጦ አጥር ወሰደን። ሣሩ ያልታጨደበት ጥግ ላይ ቆመ።

«እዚህ ናት» አለ።

«ማን?» አለች ዩስቲና።

እዚያው ቆሞ ሁሉንም ነገራት።

ሆስፒታሉ ልጅቷን በፎጣ ጠቅልሎ የሰጠው ለእሱ ነበር። የዚያን ጊዜ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። አባቱ ሣጥን ሠራ፤ ሁለቱ ብቻ ሆነው በዚያው ቀን ቀበሯት። ሽማግሌውም፣ ሐኪሙም፣ አባቱም አንድ ነገር ነው የነገሩት፦ ለሚስትህ አትንገራት፤ ካላየች ቶሎ ትረሳለች። ሌላ ልጅ ስትወልድ ትረሳለች።

«ሌላ አምስት ወለድኩ» አለች ዩስቲና። ድምፅዋ የሰው አይመስልም ነበር። «አቅፈሃት ነበር?»

«አዎ።»

«ምን ያህል?»

«ከሆስፒታል እስከዚህ ድረስ። አባቴ ነበር የሚነዳው። ፀጉር ነበራት። ጥቁር።»

ዩስቲና አልመታችውም፤ አልጮኸችም። እኔ እመታዋለሁ ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እኔ። እሷ ግን ዞራ ብቻዋን ሄደች። ለሃያ ሰባት ዓመት በየእሑዱ በዚያ አጥር አጠገብ አልፋ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትገባ ኖራለች።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ኢዛክን አላናገረችውም። ምግቡን ትሠራለች፤ ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጣለች፤ ትወጣለች። እሱም ብቻውን ይበላል፤ ሳሕኑን ያጥባል፤ ከዚያ በፊት ሳሕን አጥቦ አያውቅም። አንድ ቀን ግን አጥሩ ጥግ ያለውን ሣር አጭዶ፣ ከወንዝ ዳር ያመጣውን ጠፍጣፋ ድንጋይ ሲያስቀምጥ ሰዎች አዩት። መንደሩ ማውራት ጀመረ። የሽማግሌው ሚስት እኔ ዘንድ መጥታ፣ «የድሮ ቁስል መቆስቆስ ምን ያደርጋል?» አለች።

«ያልታሰረ ቁስል መቼ ድሮ ሆነ?» አልኳት። በሕይወቴ ለሽማግሌ ሚስት እንዲያ መልሼ አላውቅም።

ለቀዶ ሕክምናው ሳምንት ሲቀረው ዩስቲና ቤት ሄድኩ። ልብስ ታጣጥፋለች። ደፍሬ ጠየቅኋት፤ «እንግዲህ የት እንዳለች አውቀሻል። መቃብር አላት። አሁን ቢወጣስ? ዳግመኛ ይወርዳል የሚለው ሥጋት አይኖርብሽም።»

ሳትቆጣ አየችኝ። «ሊና፣ አንቺ ያንቺን ስታስወጪ እኔ ተይ አልኩሽ?»

«አላልሽም።»

«አንቺ ደስ ብሎሽ ነው የጣልሽው፤ ጥሩ አደረግሽ። እዚያ አጥሩ ጋ ያለው የተቀበረችበት ነው። እሱ የኢዛክ ነው፤ እሱ ነው ያያት፣ እሱ ነው ያቀፋት። የእኔ ይኼ ነው። እዚህ ውስጥ ነው ስትንቀሳቀስ የማውቃት። ስምንት ወር ሙሉ ተሸክሜያታለሁ፤ ሌሊት ሌሊት ትረግጠኝ ነበር። የኖረችው እዚህ ነው።»

ከዚያ በኋላ አንድም ቃል አልጨመርኩም።

በቀጠሮው ጠዋት ኢዛክ መኪናውን አስነሥቶ ደጃፍ ላይ ጠበቀን። እሷ ከኋላ ከእኔ ጋር ተቀመጠች። መቶ ኪሎ ሜትር ሙሉ አንድ ቃል የለም። ሆስፒታሉ ውስጥ የቀዶ ሕክምና ልብስ አልብሰው፣ ፀጉሯን በቆብ ሸፍነው ተንቀሳቃሽ አልጋ ላይ አስተኟት። የተሸፈነ ፀጉሯን ሳይ ልጅ መሰለችኝ። ዶክተር ቦይቹክ መጥታ እጇን ያዘች፤ ለመጨረሻ ጊዜ ጠየቀቻት፤ «ማኅፀኑ ይቆያል፤ ወደ ቦታው እናነሣዋለን። እንዲህ ነው የተስማማነው?»

«እንዲህ ነው» አለች ዩስቲና በእንግሊዝኛ።

አልጋዋን ሊገፉ ሲሉ «ቆዩ» አለች። ወደ ኢዛክ ዞረች። በሦስት ሳምንት ውስጥ የመጀመሪያ ቃሏ ነበር።

«አፍንጫዋስ?»

ኢዛክ ግራ ተጋባ፤ ከዚያ ገባው። ባርኔጣውን በሁለት እጁ እየጨመቀ፣ ወደ እኔ አመለከተ።

«የሊናን ነበር የሚመስለው።»

ዩስቲና አፍንጫዬን ዓይታው እንደማታውቅ አተኩራ አየችው። አፍንጫዬ ትልቅ ነው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የምትሰድበኝ በእሱ ነው።

«ምስኪን» አለች። ሣቋና ልቅሶዋ አንድ ላይ መጣ፤ ኢዛክም አልጋው ጠርዝ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ፤ ነርሷም የምትይዘውን አጣች። ዩስቲና እጇን ኢዛክ ራስ ላይ አሳረፈች። ይቅር ማለቷ ይሁን አይሁን አላውቅም፤ እኔም አልጠየቅኋት። ከዚያ ወሰዷት።

ሁለት ሰዓት አልፈጀም። በሁለተኛው ቀን ቤቷ ገባች። ለስድስት ሳምንት ከሻይ ማንቆርቆሪያ የከበደ እንዳታነሣ ታዘዘች፤ በሁለተኛው ሳምንት የሽንት ኢንፌክሽን አግኝቷት ተንቀጠቀጠች፤ ክኒን ወስዳ ዳነች። ልብስ የሚያጥበው፣ ጎመን ሾርባውን የሚያማስለው ኢዛክ ነበር። ሾርባው አይበላም ነበር፤ ዩስቲና ግን ትበላዋለች።

ስፌቱ አራት ዓመት በደህና ያዘ። ከዚያ ማኅፀኗ ትንሽ ዝቅ አለ፤ የበፊቱን ያህል አይደለም። ዶክተሯ እንደገና ምርጫዎቹን አንድ በአንድ አስቀመጠችላት፤ ዩስቲናም ከቀድሞው አነስ ያለ ቀለበት አስደረገች፤ በየሦስት ወሩ ነርሷ ታይላታለች። ስለ ምርጫዎ ተጸጽተው ያውቃሉ ወይ ብላ ዶክተሯ ስትጠይቃት፣ እኔ ልተረጉም አፌን ከፍቼ ነበር። ዩስቲና ቀድማኝ «አይ» አለች።

ኢዛክ በ2014 የጸደይ ወራት ልቡ ቆሞ ሞተ። ሽማግሌዎቹ በረድፉ ተራ ያለውን ቦታ አስቆፈሩ። ዩስቲና ሻሿን አስራ እኔን አስከትላ ወደ መቃብሩ ሄደች፤ ቆፋሪዎቹን አስቆመቻቸው።

«አጥሩ ጋ ነው የሚቀበረው» አለች።

«አክስት ዩስቲና፣ እዚያ እኮ ረድፍ የለም» አላት ከሽማግሌዎቹ ወጣቱ። «ሥርዓቱን ያውቁታል። ለአንድ ሰው ከፈቀድን ነገ ሁሉም ይጠይቃል።»

«ይጠይቁ። እኔ ደግሜ ሳልጠይቅ ሃያ ሰባት ዓመት ኖሬያለሁ።»

ወጣቱ ሽማግሌ ወደ እኔ ዞረ፤ አስተርጓሚዋ እንደሆንኩ ሁሉ። እኔ ዝም አልኩ። እሱም ትንሽ ቆሞ ድንጋዩን አየ፤ ከዚያ ለቆፋሪዎቹ ራሱን ነቀነቀላቸው። የተቆፈረውን ጉድጓድ መልሰው ደፈኑ። አጥሩ ጋ ያለው መሬት የቁጥቋጦ ሥር የበዛበት ነበር፤ በአካፋ አልሆነም። መጥረቢያ አስመጡ። ዩስቲና ወንበር አስወጥታ፣ ቆፍረው እስኪጨርሱ ድረስ ተቀምጣ ጠበቀች።